እግር የሄደበት

ነርሷን ባለፈው ሳምንት የተለየናት እየሳቀች ነበር። የዛሬውን ከመጀመርዎ በፊት ግን መሀረብ ቢያዘጋጁ ይሻላል። እኔም ስጽፈው አጠገቤ አድርጌ ነው።

ታሪኩን ገና ዛሬ ለሚጀምር ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሰፈር ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ መናፈሻ ነበረች፤ መናፈሻ ከተባለች። ቧንቧዋ ደርቆ፣ ወንበሮቿ ተሰባብረው፣ መብራቷ ጠፍቶ፣ ከሰው ይልቅ ፌስታል የሚዝናናባት። ማዘጋጃ ቤቱ «በጀት የለንም» ሲል ኖረ። በኋላ አንድ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መጣና «እናንተ ፈቃዱን ስጡን እንጂ እጁን እኛ እናመጣለን» አለ። አመጣም። በጎ ፈቃደኞች ቆሻሻውን ለቀሙ፣ ቧንቧው ተጠገነ፣ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን የሚያሳርፉበት መደገፊያ ያለው ወንበር ተተከለ። ከዚያ ደግሞ ሰው በዛና መናፈሻዋ ጠበበች። ቀጥሎ ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ የነርሷ አባት ይዞታ ነበር።

አባቷ ኮንትራክተር ናቸው። ለግንበኛ ጭቃ ከማቀበል ተነስተው ስንቱን ፎቅ ያቆሙ፣ ሀብታም ከሆኑ በኋላም እጃቸው ከአሸዋ ወረቀት የማይለሰልስ ሰው። ከጓሯቸው ጀርባ ያለውን ቦታ ያስቀመጡት ለፎቅ ነበር። ማኅበሩ ደጅ ሲጠናቸው ከርሞ «እስቲ ለአንድ በጋ ተጠቀሙበት፤ ካማረኝ ለመናፈሻው እሰጣለሁ፣ ካላማረኝ ፎቄን እሠራለሁ» አሰኛቸው።

ቦታውን እንዲያለማ ማኅበሩ አንድ ልጅ ላከ። ልጁ በመጣ በመጀመሪያው ቀን «ሣሩን አትርገጡ» የሚለውን ታፔላ ሁሉ ነቅሎ ጣለ። «ርገጡት!» ይላል ላገኘው ሰው ሁሉ። «እግራችሁ ወደ ወሰዳችሁ ሂዱ። መንገዱን እኔ በወረቀት አልሥለውም፤ እናንተ በእግራችሁ ትሥሉታላችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ የሳሳበት ላይ ድንጋይ እናነጥፋለን።» የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው የሚሠሩት። የሰፈሩ ሕፃናት ግን ደንብ ምናቸው ነው? ስም አወጡለት። «ርገጡት» ተባለና ርገጡት ሆኖ ቀረ።

ነርሷ የጓሮውን በር ከፍታ ወደ ርገጡት መሣሪያ ቤት መጀመሪያ የሄደችው አካፋ የቆረጠውን እጁን ልታስርለት ነው። በማግስቱ ቁስሉ አመርቅዞ እንደሆነ ልታይ ሄደች። ከዚያ ፋሻውን ልትቀይር። ከዚያ ፋሻውን ልትፈታ። ቁስሉ ዳነ፤ የታመመችው ነርሷ ሆነች። ጤና ጣቢያ ተረኛ ባልሆነች ቁጥር በዚያች በር ሹልክ ማለት ልማድ አደረገች። ሁሌ በዚያው በር፣ ሁሌ በዚያው መስመር። ፍቅር ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ እግሩ የሚረግጠውን አያይም።

* * *

እንግዲህ ያ የተረገመ ጠዋት ይኸውና።

ሰፈርተኛው ተጠርቷል። ወግ ነው፤ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ሕዝቡ የሄደባቸው መንገዶች በኖራ ይሰመሩና ሰው መጥቶ «አዎ፣ በዚህ እንሄዳለን» ይላል። አባቷም በዚያው ቀን ስለ ቦታው ቃላቸውን ሊሰጡ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጥተዋል። ርገጡት ከዋዜማው ጀምሮ ወንበር ለማምጣት ሄዶ ነበር። ሲወጣ ለሠራተኞቹ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሳሳውን ሁሉ አስምሩ። አንዱንም እንዳትዘሉ።»

አልዘለሉም።

ከትምህርት ቤቱ ወደ ቧንቧው አንድ ነጭ መስመር። ከአውቶቡስ ፌርማታው ወደ ዳቦ ቤቱ ሌላ። ከሽማግሌዎቹ ቤት ወደ ጥላው ሥር አንድ የተጠማዘዘ፣ በየመሃሉ አረፍ የሚል። ሰው እያየ ይስቃል፣ ይጠቋቆማል፤ «ያቺ የኔ ናት!» ይላል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«ይቺኛዋስ?» አለች አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት።

ሁሉም ዞረ። መስመሯ ቀጭን ናት። ከኮንትራክተሩ ጓሮ በር ትነሳለች፤ ለዛፍ እንኳ ሳትጎብጥ፣ ቀጥ ብላ ሜዳውን ታቋርጥና መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ታበቃለች። ከዚያ ወዲያ የትም አትሄድም።

አንድ ሽማግሌ ተንጠራርተው አዩዋትና «ጋሽ ኮንትራክተር፣ ቤትዎ አካፋ የሚዋስ ሰው በዝቷል እንዴ?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ቀልድ መስሏቸው ነው። ግን ማንም አልሳቀም።

ርገጡት ወንበሮቹን ካመጣው መኪና ላይ ገና መውረዱ ነበር። ሰው ወዳየበት አየና ክው አለ። ከዚያ ነርሷን ፈለጋት። እሷም እየፈለገችው ነበርና ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ለሁሉም በሚታይ ግልጽ ፀሐይ። ደብቀው የኖሩት ነገር ሁሉ በዚያ አንድ አተያይ ወጣ። ያልገባው ሰው ቢኖር እንኳ ያን ጊዜ ገባው።

አባቷ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተመለሱት ግን በሌላ መንገድ አይደለም። በዚያችው በነጯ መስመር ላይ እየረገጡ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ጓሯቸው በር ድረስ። ሲገቡ ጥቁር ጫማቸው ነጭ ሆኖ ነበር።

ነርሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን ያየችውን ከመናገር በቀር የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

* * *

«እግርሽ አፍ አወጣብን፣ አይደል?» አሉ አክስቷ በሩን ሲከፍቱላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ መቆጣትም ማቀፍም በአንድ እጅ የሚችሉ ሴት። «ግቢ። ተቀምጦ እየጠበቀሽ ነው። አንገትሽን ድፊና ‹እሺ› በይ፤ ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ።»

አባቷ ሳሎን ውስጥ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ምንጣፉ ላይ የኖራ ዱካ አለ።

«እኔ በፊት ለፊት በር ቦታዬን ስሰጣቸው፣ እነሱ በጓሮ በር ልጄን ይወስዳሉ?»

«አባዬ፣ ማኅበሩ ምን አደረገ? እኔ ነኝ የሄድኩት።»

«አንቺማ እንደሄድሽ አየሁ! ሰፈሩ ሁሉ አየ!» ወደ ምንጣፉ ዱካ ጠቆሙ። «ሽማግሌ የላከልሽን መሐንዲስ ‹ገና ነኝ፣ ልሥራ› ብለሽ መለስሽ። እሺ አልኩሽ። ለካ ሥራሽ ይሄ ኖሯል። ደመወዙ በሰው እርዳታ የሚከፈል ልጅ! ነገ ረጂው ቢተው ምን ሊያበላሽ ነው? ሣር?»

«አንተስ?» አለች። አክስቷ ከበሩ ሥር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እማዬ ስታገባህ ምን ነበረህ? ጭቃ ስታቀብል አይደለም ያየችህ?»

አባቷ ሻካራ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

«ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጭቃውን ስለማውቀው ነው። እናትሽ ያን ጭቃ ከኔ ጋር በልታዋለች። ደህና ቀን ሲመጣ አልደረሰችም። አንቺን ለዚያ አልሰጥም፤ ብትጠዪኝም አልሰጥም።»

ተነስተው በጓሮ በር ወጡ። ነርሷ ወደ መስኮቱ ሮጠች። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ የሚታየው ብቻ ነው የሚታየው። አባቷ ሜዳው መሃል ርገጡትን አስቁመው ያናግሩታል። በእጃቸው ቦታውን ዙሪያውን ያሳዩታል፤ ከዚህ እስከዚያ። ከዚያ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ይጠቁማሉ። ርገጡት አንድ ነገር ይላል፣ አጭር። ቀና ብሎ ወደ መስኮቷ አየ። እጇን ልታነሳለት ስትል አንገቱን ደፋ። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

የአንድ ሰው ልብ ለመሰበር ስንት ነገር ያስፈልገዋል? አንድ መጨባበጥ በቃት።

አባቷ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። «ምን አልከው?»

«‹ከተማውን ልቀቅና ቦታውን ለመናፈሻው እሰጣለሁ› አልኩት።»

«እሱስ?»

ኮንትራክተሩ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ። «አየሽን አይደል? ተጨባበጥን።»

* * *

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ነርሷ ጥላ አልያዘችም። ኖራው በዝናቡ እየሟሟ በነበረበት በዚያው መስመር ሄደች፤ ነጩ ውሃ ጫማዋ ውስጥ ገባ።

መሣሪያ ቤቱ ውስጥ አካፋና ዶማው በየመጠኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የእርጥብ አፈርና የውሃ ጎማ ሽታ አለ። ርገጡት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የዛፍ መቀሱን ዘይት ይቀባል። ስትገባ ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። ይህን የበራ ፊት ልብ ይበሉልኝ። እሷ በዚያ ሰዓት ልብ አላለችውም፤ በኋላ ነው እንቅልፍ የነሳት።

«መጣሽ» አለ፣ እየተነሳ።

«ስንት ካሬ አወጣሁ?»

«ምን?»

«እኔን በመሬት ስትለውጠኝ። ስንት ካሬ አወጣሁ?»

የበራው ፊት ቀስ ብሎ ጠፋ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ዓይኔ! በመስኮት አይቼሃለሁ። ጎንበስ ብለህ፣ በሁለት እጅህ!»

«አባትሽ እኮ ናቸው። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ምን ላድርግ? ልተዋቸው?»

«አዎ፣ ተዋቸው! እኔን ከምትተወኝ እሳቸውን ተዋቸው!» እያለቀሰች ነው፤ ግን ዝናቡ ይሁን እንባው አይለይም። «ኖራውስ? ‹አንዱንም እንዳትዘሉ› ያልከው አንተ አይደለህም? የኔን ጉድ ለሰው ሁሉ በነጭ ያጻፍከው አንተ አይደለህም?»

«አላሰብኩትም» አለ። «እመኚኝ፣ አላሰብኩትም። መንገድ መንገድ ስል የሌላውን ሰው ነው የማየው። የኛን... የኛን መንገድ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። አንቺ የምትመጪበት ነው። ቤቴ ነው የመሰለኝ።»

እዚህ ላይ ልቧ ሊሸነፍ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄዳለች እንኳ። ነገር ግን መስኮቱ ትዝ አላት።

«እሺ፣ አባዬ ሲያናግርህ ምን ብለህ መለስክለት? ልክ እንደተናገርክ ንገረኝ።»

ርገጡት መቀሱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የተባባልነውን ከሳቸው ስሚው። ያሉኝ ነገር አለ፤ ሲናደዱ ነው ያሉት። እኔ ከአባትና ከልጅ መሃል አልገባም።»

«አየህ? መልስ የለህም!»

«መልስማ አለኝ። ግን አንቺ...» መቀሱን ዘጋ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። «እኔን እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አድርገሽ ታዪኛለሽ?»

«አላይህም» ማለት ፈለገች። አፏ ግን የተናገረው «አዎ» ነው።

«እንግዲያው አንቺ ራስሽ ነሽ ሂድ የምትይኝ? ሌላ ማንም ሳይሆን፣ አንቺ?»

ለምን እንዲህ ብሎ እንደጠየቃት አላሰበችም። ደሟ ፈልቷል፣ ኩራቷ ተነክቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ስሟን በአፉ ይዞታል። «ሂድ!» አለች። «ሂድ! ዓይንህን አልይ!»

ርገጡት ራሱን ነቀነቀ። መቀሱን በቦታው ሰቀለ፤ ልክ እንደ ወትሮው፣ ምላጩን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ጃኬቱን አነሳና አጠገቧ አለፈ። ሳይነካት አለፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጣ ልትመልሰው ብትል እንኳ እግሮቿ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያመላለሷት እግሮቿ፣ ከቆሙበት አልነቃነቅ አሏት።

* * *

ሄደ። ማኅበሩ በሌላ ከተማ የወንዝ ዳር ሊያለማ ሰው ይፈልግ ነበርና እዚያ ተመደበ።

አባቷ በዚያው ሳምንት ጡብ አስመጡ። ሠራተኛ አልጠሩም፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የጓሮውን በር በገዛ እጃቸው በግንብ ደፈኑት። ድሮ የለመዱት እጅ ነውና ጡቡ ለዓይን እስኪያምር ተደረደረ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቦታውን ለመናፈሻው አስረከቡ።

ሰፈሩ መረቃቸው። ለምን አይመርቅ? ማኅበሩ መብራት አስገባ፣ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ሠራ፣ ሁለተኛ ቧንቧ ዘረጋ። ጉልበታቸው የታሰረ አዛውንቶች ከነርሷ ጤና ጣቢያ «በእግርዎ ይንሸራሸሩ» ተብለው ሲወጡ የሚሄዱበት አገኙ። ራሷ ናት የምትልካቸው። ሲመለሱ «እግዜር ይስጥልን፣ አባትሽን ያኑርልን» ይሏታል፤ እሷም «አሜን» ትላለች። መናፈሻውን ልትጠላው ፈለገች፤ አልሆነላትም። ሰው የሚድንበትን ቦታ እንዴት ይጠሉታል? ግን እያንዳንዱ ወንበር እሷ የተሸጠችበት ዋጋ ሆኖ ይታያት ነበር።

ደብዳቤ ልትጽፍ ሞከረች። «ይድረስ ለ» ብላ ትጀምርና ለማን እንደምትል አታውቅም። ለከዳኝ? ለምወደው? ወረቀቱን ትቀዳድዳለች፣ ሌላ ታነሳለች፣ እሱንም ትቀዳድዳለች።

ታዲያ ከሥራ ስትመለስ ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ? በፊት ለፊት በር ወጥታ፣ ሰፈሩን ዞራ፣ መሣሪያ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። በሩ ቁልፍ ነው። ከዚያ ተነስታ፣ በዚያችው መስመር፣ ቀጥ ብላ እስከ ግንቡ። መዳፏን ጡቡ ላይ ታሳርፋለች። ዞራ ትመለሳለች። እንደገና። ለምን እንደምትሄድ ብትጠይቋት መልስ የላትም። ዝናብ ዘንቦ ሣሩ በየቦታው ሲለመልም የሷ መስመር ብቻ መሬቱ ወጥቶ፣ ቀልቶ ቀረ። ሴቶቹ ሲያዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውይ፣ ምስኪን» ይላሉ። አክስቷ ያበሰሉትን ሁሉ ሳትነካ እየመለሰች ቀሚሷ ከላይዋ ላይ ሰፋ።

አባቷ ግን አያዩም። ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮው መስኮት ቀርበው አያውቁም።

* * *

ክረምቱ ወጣ፤ ድንጋይ ነጣፊዎቹ መጡ። መንገዱን ሁሉ ጨርሰው በመጨረሻ የጓሮው ግንብ ሥር ሲደርሱ ኮንትራክተሩ የመዶሻ ድምፅ ሰሙና ዞረው መጡ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

ፎርማኑ ከተንበረከከበት ቀና አለ። «ድንጋይ እያነጠፍን ነው፣ ጋሼ።»

«ዓይን የለህም? ይሄ እኮ ግንብ ነው። ግንብ ላይ የሚያበቃ መንገድ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ፎርማኑ፣ ፊቱን እያበሰ። «ግን ደንባችንን ያውቁታል። እግር የሄደበት ላይ ነው የምናነጥፈው፤ በር ይኑር አይኑር አይመለከተንም።»

«ማን ነው እዚህ የሚሄድ? በሩን ከዘጋሁት ክረምት አለፈው እኮ!»

ፎርማኑ ከኮንትራክተሩ ትከሻ በላይ አሻግሮ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

አባቷ ዞሩ። ልጃቸው ከመሣሪያ ቤቱ በኩል እየመጣች ነው፤ የጤና ጣቢያውን ነጭ ካፖርት እንደለበሰች። አላየቻቸውም። የምታየው መሬት ነው። በአዲሱ ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ ድንጋይ ባልደረሰበት በቀላው አፈር ላይ ሄዳ ግንቡ ጋ ስትደርስ መዳፏን አሳረፈች። እሳቸው የገነቡት ጡብ ላይ። እዚያ ቦታ ላይ ጡቡ ከመዳፍ ብዛት ወዝቶ፣ ጠቁሮ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያዩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ኮንትራክተሩ ግን የፎርማኑ ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እናት ዓለም» አሉ።

ደነገጠች። «አባዬ... ልሄድ ነው። አሁን ልሄድ ነው።»

«ቆይ። አትሂጂ። የምነግርሽ አለ።» ወደ ጡቡ ተመለከቱ። «እምቢ ነበር ያለኝ።»

«ማን?»

«ልጁ። ‹ሂድና ቦታውን እሰጣለሁ› ስለው ‹ቦታውን ለሰው ይስጡ፣ የኔን መሄድ ግን አይግዙኝ› አለኝ። ለማኝ ብዬ ሰደብኩት፤ አልመለሰልኝም። ‹እሷ ራሷ ሂድ ካለችኝ እሄዳለሁ፤ ያለዚያ ይቺን ከተማ አለቅም› አለ። ያን ጊዜ ነው ወደ መስኮትሽ ያየው። ሰድቤው እንኳ እጄን ስዘረጋለት ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ ያሳደገው ሰው የተባረከ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት አልነበረም። ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ግልፍተኝነትሽን አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። ግማሹ እንደሚበቃሽ አውቄ ነው።»

ነርሷ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ቀስ ብላ ወረደችና አፈሩ ላይ ተቀመጠች። አንቺ ራስሽ ነሽ ሂድ የምትይኝ? ሌላ ማንም ሳይሆን? በሩን ከፍታ ስትገባ የበራው ፊቱ ታያት። እሷን ሲያይ ሁሉም ነገር የተረፈ መስሎት ነበር። ትመርጠኛለች ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን የከዳትን ሰው ስትረግም ኖራ፣ የተከዳው እሱ ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያባረርኩት። አባዬ፣ እኔ ነኝ።» ደረቷን በቡጢዋ ትመታለች።

ከጓሮ ሆነው የሰሙት አክስቷ ዞረው ሮጠው መጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ፣ አጠገቧ ተንበርክከው ራሷን ደረታቸው ላይ እያስጠጉ። «አልቅሺ፣ የኔ ልጅ። ግን መልቀም እኮ አለ። አፍሰሽ ከሆነ መልቀም አለ።»

ኮንትራክተሩ ተነሱ። ከፎርማኑ ትልቁን መዶሻ ተቀበሉ።

«ጋሼ፣ እኛ እናፈርስልዎታለን።»

«ዘወር በል። የኔን ሥራ የሚያውቀው እኔ ነኝ።»

መቱ። ግንቡ ንቅንቅ አላለም። በንዴት የተሠራ ነገር ሁሉ ጠንካራ ነው፤ ያን ቀን ሲሚንቶውን አልቆጠቡትም ነበር። ደግመው መቱ። ላባቸው ወረደ፣ ባርኔጣቸው ወደቀ፣ ሸሚዛቸው ከቀበቷቸው ወጣ። ልጃቸው «ተው አባዬ፣ ይበቃል» ብትላቸውም አልሰሟትም። አንዱ ጡብ ተሰነጠቀ፣ ወደቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሲከፈት እጃቸው ተሰነጣጥቆ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ነርሷ ከካፖርቷ ኪስ ፋሻ አወጣች። ከዚህ ቀደም አንድ የቆሰለ እጅ እዚሁ አካባቢ አስራለች። የአባቷን እጅ ይዛ ጡብ የገባበትን አጽድታ፣ እንዳይጠብቅባቸው እየተጠነቀቀች ጠቀለለችው። እንባዋ ፋሻው ላይ ይንጠባጠባል፤ የሳቸውም።

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ አባቷ። «ባለበት ከተማ ሄጄ፣ እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ። ሽማግሌም ካስፈለገ ይዤ እሄዳለሁ።»

የፋሻውን ጫፍ ቋጠረችው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ተስፋ አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የነበረው።

«አይሆንም፣ አባዬ» አለች። «ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ና ማለትም የኔ ነው።»

ጀርባዋን ለፈረሰው ግንብ ሰጠች። አዲሱ ድንጋይ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ በሷ እግር ልክ የተሠራ መንገድ፣ ቀጥ ያለ፣ በተቆለፈ በር የሚያበቃ። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ድምፁን ከሰማች ምን እንደምትል አታውቅም፤ «ይቅር በለኝ» የሚለው ቃል ለዚህ ሁሉ አነሰባት። ይመጣ ይሆን? እሷ ብትሆን ትመጣ ነበር? ቁጥሩን ተጭና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጥራት ሲጀምር ፈራችና መራመድ ጀመረች፤ ቆማ መጠበቅ አልቻለችም።